ሕንፃውን ስታደንቁ ሠሪውንም ጠይቁ

ልጆቼ፣ ሥነ ሕንፃ የምትማሩ ሁሉ አንድ ቀን የአስመራን ፎቶ ማየታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ጣልያን ሠርቶላት የሄደ ከተማ» ብላችሁ እንዳታልፉ አደራ።

ፊያት ታሊየሮን ልብ ብላችሁ እዩት። ለነዳጅ ማደያነት የታሰበ የአስመራ ሕንፃ ነው፤ ጁሴፔ ፔታዚ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1938 ተሠራ። ግራና ቀኙ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የአርማታ ክንፎች ተዘርግተዋል፤ ከታች የያዛቸው ምሰሶ የለም። ፔታዚ ጊዜያዊ ድጋፉን ያስነሣው ሽጉጥ መዞ ነው እየተባለ ይወራል። ሽጉጡን ተዉትና ብረቱን አስቡ። እንዲህ ወደ ውጭ የተዘረጋ አርማታ ከላይ በኩል ይሳባል። ብረቱ ከላይ በደንብ ካልታሰረ ክንፉ ይሰነጠቃል። ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል! የነዳፊውን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ብረት ያሰሩትን፣ አርማታ የሞሉትን ሠራተኞች ግን ማን ይጠይቃል?

ዘመኑ የፋሺስት ዘመን ነበር። ከተማዋ በዘር ተከፋፍላ ነበር፤ ኤርትራውያን የአውሮፓውያን በተባለው ሰፈር መኖር አይችሉም ነበር። ሲኒማ ኢምፔሮ ሲያምር የኤርትራውያኑ መኖሪያ አባ ሻውል የተረሳ ሰፈር ነበር። ይህን ሳይነግሩ ውበቱን ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። «የቅኝ ገዢ ነው፣ ይፍረስ» የሚሉትም እንዲሁ፤ የአገሬው ሰው ላብ አብሮ ይፈርሳላ! ደግሞስ እንዳ ማርያም ካቴድራልን እዩ፤ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያለው፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው የአግዳሚ ጫፍ ከአክሱም የመጣ አሠራር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል።

እናንተም አሮጌ ቤት ጠግኑ ስትባሉ ሲሚንቶ ለማስጫን አትቸኩሉ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግድግዳ መተንፈስ አለበት። ሲሚንቶ ከለሰናችሁት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ መላጥ ይጀምራል፣ ድንጋዩም ይበላል። በኖራ የተለሰነውን በኖራ ጠግኑት። ኖራ የሚያቦካ ባለሙያ ካገኛችሁ ሥራውን አጠገቡ ሆናችሁ ተማሩ፤ እንዲህ ያሉ እጆች እያለቁ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ለኩ፣ ሳሉ፣ ፎቶ አንሡ። ቀጥሎ የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቁ፦ በዚህ በር ማን ይገባ ነበር? ማንስ ደጅ ይቀር ነበር? የነገሯችሁንም ጽፋችሁ ከፕላኑ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።