ለተዘዋዋሪ ባንድ የሚሠራ የመድረክ መብራት

ጥያቄ፦ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ለሚጫወት የሙዚቃ ባንድ ከሙዚቀኞቹ ጀርባ የሚቆሙ፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ቁመት ያላቸው 8 የብርሃን ምሰሶዎች ራሳችን እየሠራን ነው። በ5 ቮልት የሚሠራና በሜትር 60 አምፖል ያለው ባለቀለም የኤልኢዲ ስትሪፕ (ትንንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ) ገጥመን ስንሞክር፣ ከታች ነጭ የሆነው ብርሃን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ ቀይ ያደላል። የተሻለ ስትሪፕ እንግዛ? ለጉዞውስ ምን እናስብ?

መልስ፦ ስትሪፑን መቀየር አያስፈልጋችሁም። እንዲህ ያለው አምፖል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ስለሚስብ፣ በአንድ ምሰሶ ላይ ያሉት 120 አምፖሎች በአንድነት 7.2 አምፔር፣ በ5 ቮልት 36 ዋት ማለት ነው፣ ይጠይቃሉ። ይህን ያህል ከረንት በስትሪፑ ስስ የመዳብ መስመር ሲያልፍ ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ ከቀይ የበለጠ ቮልቴጅ ስለሚፈልጉ ቀድመው ይደክማሉ። ስለዚህ ወፈር ያለ ሽቦ ከስትሪፑ ጀርባ ዘርግታችሁ ከታችም፣ ከመካከልም፣ ከላይም ኃይል ስጡት። ፓወር ሰፕላዩ ከምሰሶዎቹ የሚርቅ ከሆነ 24 ቮልት ልኮ በምሰሶው ሥር ወደ 5 ማውረድ ይሻላል፤ ያው 36 ዋት በ24 ቮልት 1.5 አምፔር ብቻ ነውና።

መቆጣጠሪያችሁ ዲኤምኤክስ (የመድረክ መብራቶች የሚታዘዙበት የተለመደ ሥርዓት) ከሆነ አንድ መስመር 512 ቻናል ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱን አምፖል ለብቻው ልታዙ ብትሞክሩ፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ቻናል ስለሚያስፈልገው፣ አንዱ ምሰሶ ብቻ 360 ቻናል ይወስዳል፤ አሥር አሥሩ አምፖል በአንድነት እንዲታዘዝ ብታደርጉ ግን ስምንቱም በ288 ይበቃቸዋል። ከሩቅ ለሚያይ ተመልካች ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማየው ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ውጭውን እጅግ ያማረ መብራት የመኪና ንዝረት ከውስጥ ሊፈታው ይችላልና። ነጠላ ደረቅ ሽቦ ንዝረት ስለሚሰብረው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደውን ተጠቀሙ፤ የኬብሉን መጎተት የሚሸከመውም በሊድ የተበየደው ጫፍ ሳይሆን ከሳጥኑ ጋር የታሰረ መያዣ ይሁን። ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይፈቱ ናይለን ያለበት ዳዶ ይታሰርባቸው። የኃይሉና የዳታው (የመቆጣጠሪያው ትእዛዝ የሚያልፍበት) ሶኬት እርስ በርስ ጨርሶ የማይገጣጠም ዓይነት ቢሆን በጨለማ የሚሠራ ሰው አይሳሳትም፤ የተበላሸውንም ምሰሶ በሁለት ዘፈን መካከል ነቅሎ በመለዋወጫ መተካት ይችላል።

ምሰሶዎቹን ከመሬት አንሥታችሁ ከላይ ልትሰቅሏቸው ካሰባችሁ፣ ከዋናው ማንጠልጠያ የተለየ የደኅንነት የብረት ገመድ ጨምሩባቸው፤ ገመዱም በራሱ በምሰሶው አካል ላይ እንጂ በማንጠልጠያው ላይ አይታሰር።