ለጋይዱ እውነቱን ንገረው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ለአንድ ቀን ጋይድ (ዓሣ አስጠማጅ መሪ) ቀጥሬ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በፍላይ (በሰው ሠራሽ ዝንብ) ላጠምድ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ቀኑ እንዳይባክንብኝ ምን ላድርግ?» ብለሃል። እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው አንገብግቦኛል፤ ሁለተኛውን እስካሁን አውርቼ አልጠግበውም። ዘንጉንና ሪሉን (የገመዱን መጠቅለያ) ጋይዱ ስለሚያመጣ እሱን ልለፈው።

1. የማጥመጃ ፈቃዱን ቀደም ብለህ ጨርስ። ወረቀቱ ላይ «ወንዝ» የሚል መኖሩንም እዚያው ቆመህ አንብብ። እኔ ወንዝ ብዬ ጠይቄ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ ወረቀቱን ገፋ አደረገችልኝ። በማግስቱ ጠዋት ጋይዱ ሲያየው ለሐይቅ ብቻ የሚሠራ ነው። ተመልሼ ስሄድ «ስትቀበል ማንበብ ነበረብህ» አለችኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እስኪቀየር ድረስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ትራውት ደግሞ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው። ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይጨናነቃል፣ መብላቱንም ይቀንሳል። በሙቀት ወራት ጠዋቱ ካመለጠህ ምርጡ ሰዓት አመለጠህ ማለት ነው።

2. ስለ ችሎታህ ለጋይዱ እውነቱን ንገረው። ከሁሉም በላይ ይሄን ያዝልኝ። «ከዚህ በፊት ወርውረህ ታውቃለህ?» ሲለኝ «አዎ፣ ችግር የለም» አልኩት። ሣር ላይ ጥቂት ቀን ተለማምጄ ነበር እንጂ ወንዝ ውስጥ ቆሜ አላውቅም። እሱም አምኖኝ ሰፊ ቦታ ወሰደኝ። ዓሦቹ ያሉት ማዶ ነው፤ 20 ሜትር ያህል መወርወር ይጠይቃል። ዝንቧ ከላባና ከክር የተሠራች ስለሆነች ክብደት የላትም። የሚወነጨፈው ወፍራሙ ገመድ ነው፣ እሷ ተከትላው ትሄዳለች። ስለዚህ ጉልበት አይሠራም። ገመዱን ወደ ኋላ ስትሰደው ተዘርግቶ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብህ። እኔ አልጠበቅኩም። አንዴ ኮፍያዬ ላይ፣ አንዴ ከኋላዬ ያለው ቁጥቋጦ ላይ። እስከ እኩለ ቀን ስድስት ዝንብ ጨረስኩ።

ጋይዱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆም ብሎ እንደ ማሳየት ዘንጉን ከእጄ ወስዶ ራሱ አጠመደና «በል ያዘው፣ ፎቶ ላንሳህ» አለኝ። ፎቶውን አጥፍቼዋለሁ። የእኔ ዓሣ አልነበረም። ዋሽቼው ነበር፣ እሱን አልክድም። ግን የከፈልኩት ሌላ ሰው ሲያጠምድ ለማየት አይደለም፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል።

ለሁለተኛው ጋይድ ገና ከመኪና ሳልወርድ «ምንም አልችልም፣ ከዜሮ አስጀምረኝ። ዘንጉን ግን እንዳትነካብኝ» አልኩት። ደስ አለው። ቅድሚያ ዳር ላይ አስቀመጠኝና ከውኃው ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጦ አሳየኝ። ከሥሩ ጥቃቅን ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። አንዷ የአሸዋ ቅንጣት አጣብቃ የሠራችው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ናት፣ ጭንቅላቷን ብቻ ብቅ አድርጋለች። «ትራውት አብዛኛውን የሚበላው ከውኃ በታች ነው» አለኝና እነሱን የምትመስል ትንሽ ዝንብ አሰረልኝ። ከፍ ብሎ፣ ዝንቧን ከገመዱ ጋር በሚያያይዘው ቀጭን ክር ላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ አደረገ።

3ኛውን እዚሁ ላይ ልንገርህ። ትራውት ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከታች በኩል፣ ከኋላው ቅረበው። ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ የሚገናኙበትን መስመር ፈልግ፤ ዝግ ያለው ላይ ያርፋል፣ ፈጣኑ ምግብ ያመጣለታል። የእኔ ዓሣ ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ነበር፣ ከቆምኩበት አምስት ሜትር ቢሆን ነው! ማዶ ማዶ ስል የዋልኩበት ቀን ቆጨኝ።

ዝንቧ እንደወደቀ ቅጠል በራሷ መፍሰስ አለባት። ፈጣን ውኃ ገመዱን ይዞ ከጎተታት ዓሣው አይነካትም። ጋይዱ አጠገቤ ቆሞ «ገመዱን አንስተህ ወደ ላይ መልሰው፣ መልሰው» ይለኛል። ስንት ጊዜ እንዳለኝ አላውቅም። ድንገት ተንሳፋፊው ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንሳ!» አለኝ። አነሳሁ። አንሳ ማለት ዘንጉን ቀና ማድረግ ነው እንጂ መንጠቅ አይደለም፤ ቀደም ብሎ አንዱን በመንጠቄ ክሩ ተበጥሶ ሄዷል። ይሄኛው ሲሮጥ ለቀቅኩለት፣ ሲደክም ሰበሰብኩ።

መረቡ ውስጥ ሳየው ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር የተሰመረበት ቀስተ ደመና ትራውት ነው። ከመንካትህ በፊት እጅህን አርጥብ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚጠብቀውን የሚያዳልጥ ሽፋን ይገፍበታል። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ ጠዋት በፒንሳ አስጨፍልቃት፣ ያኔ ሲወጣ ብዙም አያቆስለውም። ለፎቶ ብለህ ከውኃ አታቆየው። እኔ ጭንቅላቱን ወደ ውኃው መምጫ አድርጌ ውኃ ውስጥ ያዝኩት። ጭንቅላቱ ጎን ያለው መተንፈሻው ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ በጅራቱ መታኝ፣ ፊቴን አርሶኝ ሄደ። ይሄኛው የእኔ ነበር።

አንድ የረሳሁት፦ ዌደር (ውኃ የማያስገባ፣ እስከ ደረት የሚደርስ ሱሪ) ከለበስክ ቀበቶውን ወገብህ ላይ ጠበቅ አድርግ። ብትወድቅ ውኃ ቶሎ እንዳይሞላብህ ነው። ቀኑን ቆርጠሃል? ካልቆረጥክም ፈቃዱን በዚህ ሳምንት ጠይቅ፣ መስኮቱ ላይ የምታገኘው ሰው አይታወቅም።