ያገለገለ ትራንስፎርመር ስንት ዓመት ይቀረዋል? ለቡሬው ጠያቂ

ወንድሜ፣ «ለዘይት መጭመቂያዬ ያገለገለ 630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ልገዛ ነው፤ የትራንስፎርመሩ ዘይት ተፈትኖ 60 ኬቪ (60 ሺህ ቮልት) ችሏል፤ ስንት ዓመት ያሠራኛል?» ብለሃል። ማርቆስ ላይ ለዱቄት ፋብሪካችን ስንፈልግ እኛም እንዲህ ያለ የፍተሻ ውጤት ነው የቀረበልን።

1. 60 ኬቪው ዕድሜውን አይነግርህም። ዘይቱ ውስጥ ውሃና ቆሻሻ እንደሌለ ብቻ ነው የሚያሳየው። ዘይት ይጣራል፣ ይቀየራል። ዕድሜው የሚወሰነው ውስጡ ሽቦው ላይ በተጠቀለለው ወረቀት ነው። ጥንካሬው ዲፒ በሚባል ቁጥር ይለካል፦ አዲስ ሲሆን 1000 አካባቢ፣ 200 ሲገባ አለቀለት።

2. ወረቀቱ ሲያረጅ ፉራን የሚባል ነገር ወደ ዘይቱ ይለቃል፤ ስለዚህ ፉራን አስለካ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የኛው ሻጭ ይህንንም አስመርምሮ መጣ፤ ውጤቱ ዜሮ ለማለት ምንም አልቀረው። የስንት ዓመት ዕቃ! አለቃዬ ቀብድ ሊከፍል ሲል የታችኛውን ማፍሰሻ ቫልቭ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቀለሙ በመፍቻ ተልጦ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ የሚተነፍሰውን አየር የሚያደርቀው ሲሊካ ጄልም ገና ሰማያዊ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ቀለሙ ስለሚለወጥ በቅርቡ የተቀየረ ይመስላል። ለካ ዘይቱን ቀይረው ኖሯል ያስመረመሩት! ዘይቱ ሲደፋ ፉራኑም አብሮት ይሄዳል፤ ያረጀው ወረቀት ግን እዚያው ነው። አዲሱ ዘይት ውስጥ ዳግም እስኪታይ ወራት ይፈጃል።

ቀድሞ ሲጠቀምበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሄጄ የጭነት መዝገቡን (ስንት ኃይል ሲሸከም እንደኖረ የተጻፈበትን) ብጠይቅ፣ ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «የዱቄት ቤት ሰው መዝገብ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ለሠራተኞቹ ትራንስፎርመር ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ! መዝገቡን አልሰጡኝም፤ እኛም ዕቃውን አልገዛንም።

3. መዝገቡን የፈለግሁት በከንቱ አይደለም። ጭነት ሲበዛ ትራንስፎርመሩ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የወረቀቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በግማሽ ጭነት 30 ዓመት የሠራ፣ ከልኩ በላይ ተጭኖ 10 ዓመት ከተንገበገበው ይሻላል። ደግሞ መደበኛው ትራንስፎርመር የሚሠራው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ እኛ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ እንደልቡ አይቀዘቅዝም። የማርቆስ ብርድ ትንሽ ይክሰናል፤ ቡሬ ግን ከኛ ሞቅ ስለሚል አንተ ሙሉ ጭነት ባትጭንበት ይሻልሃል።

ዘይቱ ከመቀየሩ በፊት የተደረገለትን የምርመራ ውጤት ከነቀኑ ጠይቅ። የለንም ካሉህ በመዳብና በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተደራደር።