አንቀጽ ጻፍ ሲባል ገጹን በአንድ ትንፋሽ ለሚሞላ ልጅ

ሰላም እህቴ። የ5ኛ ክፍል ልጅሽ «አንቀጽ ጻፍ» ሲባል አራት ነጥብ የሌለው ሙሉ ገጽ ይዞ እንደሚመጣ፣ ያገኘውንም ሁሉ እንደሚቀላቅል የጻፍሽውን አየሁ። እኔ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ፤ ብዙዎቹ ሲመጡ እንደዚሁ ናቸው።

ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አማርኛችን ራሱ ለዚህ ይመቻል። «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ታክሲ ጠብቄ» እያለ በቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን በማይዘጋ ግሥ፣ እስከ ማታ መሄድ ይችላል። ወሬ ላይ ችግር የለውም፤ ወረቀት ላይ ግን መቆሚያው ይጠፋዋል። ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ አድርጊ። ትንፋሽ ሲያጥረው ራሱ ይስቃል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቦዝ ይበቃሃል፣ በማሰሪያ አንቀጽ (ዓረፍተ ነገሩን በሚቋጨው ግሥ) ዝጋው በይው፦ «ተነስቼ፣ ታጥቤ ቁርሴን በላሁ።»

አራት ነጥቡ ግን ቀላሉ ነው። የሚከብደው አንድ ነገር መምረጡ ነው። አንዲት ተማሪዬ «ሰፈሬ» በሚል ርዕስ እንዲህ ጽፋ መጣች፦ «ሰፈሬ አራብሳ ነው እና ብዙ ብሎክ አለው ወንድሜ ኳስ ይወዳል ውሃ ይጠፋል እናቴ ጎበዝ ናት እና የታክሲ ሰልፍ አለ»። እስክሪብቶውን አስቀምጪና ከነዚህ ውስጥ ብዙ ወሬ ያለሽ ስለየቱ ነው አልኳት። «ስለ ውሃው» ብላ ጀመረች፤ ማን ያስቁማት! ስታበቃ ያወራሽኝን ብቻ ጻፊው አልኳት፦

«ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሲመጣ እናቴ ትቀሰቅሰኛለች። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ውሃው እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ጀሪካን ይዘን ወርደን እንቀዳለን። ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚያስቸግረኝ ለዚህ ነው።»

ታክሲውን ወዲያው ሰረዘችው። ወንድሟን ግን አላወጣም ብላ ተከራከረችኝ፤ ለሱ ሌላ አንቀጽ ይሰጠው ተባብለን ተስማማን። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል፣ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘችው፣ ሆነች ማለት ነው። ኃይለ ቃል መሀልም መጨረሻም ሊመጣ እንደሚችል በክፍል ይማራሉ፤ እውነት ነው። ለጀማሪ ግን መጀመሪያ ላይ ብቻ ይሁን፤ የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ እየጠቆምሽ «ይሄ ስለ ውሃው ነው?» ማለት ይቀልሻል።

ቅደም ተከተሉ ከተምታታበት ዓረፍተ ነገሮቹን በብጥስጣሽ ወረቀት ጽፈሽ በውዢያቸውና ጠረጴዛ ላይ እሱ ይደርድራቸው። «ስለዚህ» የምትለዋ ከምክንያቱ በፊት ስትገባ ልጆች ራሳቸው ያውቁባታል። አያያዥ ቃላትን ከማስሸምደድ ይሄ በስንት ጣዕሙ!

የፊደል ስሕተቱን ለኋላ አቆዪው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ እያልሽ ገጹን በቀይ ስታቀልሚው ልጁ ሐሳቡን ትቶ ፊደል መፍራት ይጀምራል።

ከላይ አስተያየት የሰጠ አንድ ወንድማችን ልጁ ናሙና ድርሰት እንዲሸመድድ መክሯል። አልስማማም። ርዕሱ ትንሽ ሲቀየርበት ልጁ ባዶውን ይቀራል። በእርግጥ የ6ኛም የ8ኛም ክፍል ፈተና መልስ መምረጥ ብቻ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ለመጻፍ ጊዜ ባይሰጥ አይገርምም። በዚያ ላይ የአንድ ክፍል ተማሪ ብዛት እያለ መምህሯ የሁሉንም ደብተር አንብባ ልታርም አትችልም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አንቺው ያዢው።

ባረመ ቁጥር ሁሉንም በንጹሕ ገልብጥ ካልሽው ግን ይሰለቻል። የተበላሸችውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሥር ይጻፋት። የጻፈውን ፎቶ አንስተሽ፣ ስሙን ሸፍነሽ ብትለጥፊው ደግሞ ከየቱ መጀመር እንዳለብሽ አይቼ እነግርሻለሁ።