ሊንክ ስናጋራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኞቼ ድረ ገጽ አላቸው። አንዷ የጀጎልን በሮች ፎቶ ታወጣለች፣ አንዱ ግጥም ይጽፋል፣ ሦስተኛው የሞባይል ጥገና ያስተምራል። እኔም የምወዳቸው የመዝናኛ ገጾች አሉ። በየግሩፑ ብልክም ሊንኩ ይጠፋና «እስቲ ድጋሚ ላኪልን» ይሉኛል። አንድ ቦታ የማስቀምጣቸው እንዴት ነው? (ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ ግሩፕ ውስጥ የተላከ ሊንክ በሰላምታና በስቲከር ሥር ይቀበራል። ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ ይደርድሩና የዚያን ገጽ ሊንክ ብቻ ፒን ያድርጉ። ለዚህ ቀላሉ ቴሌግራም በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቴሌግራፍ የተባለ የገጽ መጻፊያ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ያለ ምዝገባም ይሠራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳይመዘገቡ ከጻፉ የገጹ ባለቤት መሆንዎ የሚታወቀው ብሮውዘርዎ ውስጥ በተቀመጠ ኩኪ (ድረ ገጹ እርስዎን የሚያስታውስበት ትንሽ ፋይል) ብቻ ነው። ብሮውዘሩን ሲያጸዱ ወይም ስልክ ሲቀይሩ ማረሚያው ይጠፋል፤ የተበላሸ ሊንክ ቢኖርም ማውጣት አይችሉም። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ቴሌግራም ላይ «ቴሌግራፍ» የሚባለውን ቦት (በራሱ መልስ የሚሰጥ አካውንት) ፈልገው ስታርት ይበሉ፣ መለያ ይክፈቱ፣ እሱ በሚሰጥዎ መግቢያ በብሮውዘርዎ ይግቡ። ከዚያ ርዕሱንና ጽሑፉን ይጻፉ። የጓደኛዎን ገጽ ስም ተጭነው ሲመርጡት የሰንሰለት ምልክት ይመጣል፤ እሱን ነክተው ሊንኩን ፔስት ያድርጉ። ሲጨርሱ ፐብሊሽ። የገጹ አድራሻ በመጀመሪያው ርዕስ ስለሚወሰን በኋላ ርዕሱን ቢቀይሩም ፒን የተደረገው ሊንክ አይበላሽም።

ከየሊንኩ ሥር አንድ መስመር ማብራሪያ ይጻፉ፤ ይህን አደራ እንላለን። «ምርጥ የጀጎል ፎቶዎች!» ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። «የአምስቱ ጥንታዊ በሮች ፎቶ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የበሩ ስም፤ ፎቶዎቹ ከባድ ስለሆኑ በዋይፋይ ክፈቱት» ካሉ ግን ሰውየው ካርዱን የሚያጠፋበትን ነገር አውቆ ይገባል። ደግሞም ጓደኞችዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ግጥሙን ለአሥር ሰው ብሎ የጻፈ ሰው ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ሲያገኘው ላይወደው ይችላል።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ይሄ ነገር ምንድነው? ስለ ድሬዳዋ ከአማርኛ ዊኪፔዲያ ሊንክ ኮፒ አድርጌ ለሰው ስልከው በ% የተሞላ ረጅም ዝብርቅርቅ ይሆናል። ጓደኞቼ ቫይረስ ነው ብለው አይነኩትም። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። የድረ ገጽ አድራሻ በኔትወርክ የሚጓዘው በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል ሲገባበት እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የኮምፒውተር ፊደል አጻጻፍ 3 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ይይዛል፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ % እና ሁለት ሆሄ ሆኖ ይጻፋል። አንዱ ፊደል 9 ሆሄ ሆነ ማለት ነው። «ሐረር» 27፣ «ድሬዳዋ» 36 ይሆናል። ዊኪፔዲያን በዴስክቶፕ እይታ ቢከፍቱ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ አጭር አድራሻ የሚሰጥ ምርጫ ያገኛሉ፤ ማሳጠሪያው የራሳቸው ስለሆነና ወደ ውጭ ገጽ ስለማይወስድ ያለ ስጋት ይላኩት። ሌሎች ማሳጠሪያዎችን ግን ባይለምዱ እንመርጣለን። መድረሻውን ይደብቃሉ፣ ማሳጠሪያው ሲዘጋም ሊንኩ አብሮ ይሞታል። ጉግል እንኳ በ2019 እ.ኤ.አ. በራሱ ማሳጠሪያ አዲስ ሊንክ መሥራት አቁሟል።

አልከፈት የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ አጻጻፋችን ምክንያት ነው። «ይህን ሊንክ» ስንል «ን»ን እንደምንቀጥል ሁሉ አድራሻው መጨረሻ ላይም «ን»፣ «ላይ» ወይም አራት ነጥብ አጣብቀን እንጽፋለን። አንዳንዱ አፕ ይህን ሁሉ የአድራሻው ክፍል አድርጎ ስለሚወስደው የሌለ ገጽ ይፈልጋል። ሊንኩን ብቻውን በአንድ መስመር ያስቀምጡ። አድራሻ በእጅ ሲጽፉም ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ የአማርኛው ሁለት ነጥብ (፡) ከእንግሊዝኛው (:) ጋር ለዓይን ቢመሳሰልም ለብሮውዘሩ ሌላ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ሊንክ ላይ ከ? በኋላ ያለውን ጭራ ብቆርጠው ችግር አለው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከፌስቡክና ከኢንስታግራም የመጣውን አብዛኛውን ጊዜ መቁረጥ ይቻላል፤ ማን ከየት እንደመጣ መከታተያ ነው። ረጅሙ የዩቲዩብ አድራሻ ላይ ግን ከ? ቀጥሎ «ቪ» የሚለው የላቲን ፊደል ካለ አይንኩት፤ የቪዲዮው መለያ እሱ ነው። ከቆረጡ በኋላ ራስዎ አንዴ ከፍተው አይተው ይላኩ።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ቤት ሲያስገባን ከሐረር ጓደኞቼ ጋር በኢንተርኔት ቼዝ መጫወት እንፈልጋለን። ዳታ የማይበላ፣ ማስታወቂያ የሌለው ምን አለ? (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሊቼስ የተባለው የቼዝ ድረ ገጽ። በነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ከወዳጅ ጋር ለመጫወት ምዝገባም አይጠይቅም። ከወዳጅ ጋር መጫወት የሚለውን መርጠው ሰዓቱን ይሙሉ። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃና በየእንቅስቃሴው 5 ሰከንድ ጭማሪ ጥሩ ነው፤ ጭማሪ ከሌለው ግን መስመር ሲቋረጥ ሰዓትዎ ያልቃል። ከዚያ የሚሰጥዎን ሊንክ ይላኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሊንኩን ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። መጀመሪያ የነካው ሰው ተጋጣሚዎ ይሆናል፣ ሐረር የሚጠብቀው ወዳጅዎ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። በግል ይላኩለት። ሁለታችሁም መለያ ካላችሁ ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት የሚሰጠው ዓይነትም አለ፤ ሥራ ለሚበዛበት ሰው እሱን እንመክራለን።

ጥያቄ፦ የጓደኛዬን ገጽ ሊንክ ለሰው አጋርቼ ነበር። አሁን ሲከፈት የቁማር ማስታወቂያ ይመጣል። ተጠልፎ ነው? (ከፈረስ መጋላ፣ ሐረር)

መልስ፦ ሊጠለፍም ይችላል፤ በብዛት የሚያጋጥመው ግን የዶሜይን ስሙ (የድረ ገጹ መጠሪያ አድራሻ) ዓመታዊ ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ ሌላ ሰው ገዝቶት ነው። እንዲህ ያሉ ገዢዎች የሚፈልጉት እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች አስቀድመው የበተኑትን ሊንክ ነው፤ ጎብኚ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊንኩን ካስቀመጡበት ሁሉ ያውጡ፣ ከዚያ ለጓደኛዎ ይንገሩ። «ዶት ኮም» ስም ከተሰረዘ በኋላ ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ በ5 ቀን ውስጥ ለማንም ይለቀቃል። ሌላ ሰው ከገዛው በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። የድሮው ጽሑፍ ግን የድረ ገጾችን የቆየ ቅጂ በሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ሊገኝ ይችላል። ዌይባክ ማሽን በሚባለው መፈለጊያው ውስጥ አድራሻውን ያስገቡ፣ ከካላንደሩ ገጹ ደህና የነበረበትን ቀን ይምረጡ፣ የዚያን ቅጂ ሊንክ በተበላሸው ቦታ ይተኩና ከጎኑ «የቆየ ቅጂ» ብለው ቀኑን ይጻፉበት።