ጨዋታው ለምን በለቅሶ ያልቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጆች መምህርት ነኝ፤ 24 ልጆች አሉኝ። በጨዋታ ማስተማር ከጀመርን ወዲህ የጨዋታ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ግፊያና ለቅሶ ነው። በተለይ የብሎኩን (እየደራረቡ የሚገነቡበትን መጫወቻ) ጥግ ሁሉም ይሻማበታል። 20 ደቂቃ እንሰጣቸውና እንሰበስባቸዋለን። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ ችግሩ ያለው ከሰዓቱና ከክፍሉ አደረጃጀት ነው እንጂ ከልጆቹ ፀባይ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ጨዋታ እስኪጀምር ጊዜ ይፈጅበታል። ዕቃ ይመርጣል፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት ያያል፣ «እኔ ሐኪም፣ አንቺ በሽተኛ» እያለ ይከራከራል። ይህ ብቻውን አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። በ20 ደቂቃ ሲያስቆሟቸው ጨዋታው ገና መጣፈጥ ሲጀምር ይፈርሳል። ይህን የለመደ ልጅ ደግሞ ትልቅ ነገር መጀመሩን ይተውና መንጠቅና መሯሯጥ ይይዛል። ስለዚህ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ሳይቆራረጥ ይስጧቸው። ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው በየጥጉ እየዞሩ ዝቅ ብለው ይንገሯቸው፤ ከክፍሉ መሃል ቢጮኹ በጨዋታ የተመሰጠ ልጅ አይሰማዎትም። ያላለቀ ግንብ ካለ «ለነገ ይቆይ» የሚል ምልክት ያድርጉበትና ሳይፈርስ ይደር።

ከዚያ ቦታውን ይቁጠሩ። ለ24 ልጆች 24 ቦታ አይበቃም፤ መጨረሻ የመጣው ልጅ ምርጫ ስለማይኖረው የሌላውን ይገፋል። ብሎክ 5፣ ዕቃ ዕቃ 6፣ ሊጥ 6፣ ሥዕል፣ መጽሐፍ፣ አሸዋና መገጣጠሚያ እያንዳንዳቸው 4 ቢይዙ 33 ቦታ ይሆናል፤ ያኔ መተንፈሻ ይገኛል። የብሎኩ ጥግ መተላለፊያ ላይ አይሁን፤ የሠሩትን ያለፈ ሁሉ እየረገጠ ካፈረሰባቸው ጠብ አይቀርም። ከመጽሐፉ ጥግም ይራቅ። ብሎኩ ራሱ ለአምስት ልጅ ከ100 ባያንስ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ አጭር አንዱን ረጅም የሚያክል ከሆነ ልጆቹ ግማሽንና እጥፍን ማንም ሳይነግራቸው በእጃቸው ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤቱ ያጫውተዋል እንጂ ደብተሩ ባዶ ነው። ልቀይረው?

መልስ፦ በባዶ ደብተር አይፍረዱ። በዚህ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንት ገና ጠንክሮ አላለቀም፤ የጣት ጡንቻም ገና እየዳበረ ነው። ሊጥ የሚጨምቅ፣ በመቀስ የሚቆርጥ፣ ዶቃ የሚሰካ ልጅ እጁን ለእርሳስ እያዘጋጀ ነው። ለንባብም «በ ብሎ የሚጀምር ማን ያመጣል? በግ፣ በር፣ በቅሎ» የሚል ጨዋታ ጆሮውን ድምፅ መለየት ያስለምደዋል፤ ያን የለመደ ልጅ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ይቀለዋል።

ይሁንና በጨዋታ ስም ልጆችን ለቅቆ መቀመጥም አለ፤ ያ መርሐ ግብር አይባልም። ሄደው ይመልከቱ። መምህሯ ጎንበስ ብላ ከልጆቹ ጋር ታወራለች? «ይህ ምን ቀለም ነው?» እያለች ከመፈተን ይልቅ «ድልድዩ መኪናውን የሚችለው ይመስልሃል?» ትላለች? በዕቃ ዕቃው ጥግ ወረቀትና እርሳስ አለ? ሐኪም ሆኖ «መድኃኒት» የሚሞነጫጭር ልጅ ጽሑፍ ትርጉም እንደሚይዝ ገብቶታል። ዕቃው በየሁለት፣ ሦስት ሳምንቱ ይቀየራል? የእነዚህ መልስ አዎ ከሆነ ልጅዎን እዚያው ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የመጫወቻ ሊጣችን በሦስት ቀን ይሻግታል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጨው አሳንሳችሁ ይሆናል። ለ2 ኩባያ ዱቄት 1 ኩባያ የደቀቀ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃ ደግሞ ከ1 ኩባያ ጥቂት ጎደል አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከተጣበቀ ዱቄት፣ ከተፈረፈረ ውሃ በጠብታ። ከጨዋታ በፊት እጅ ይታጠብ፤ ሊጡም በሚገባ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። ሽታው ከተለወጠ ጣሉት። ጨው የበዛበት ሊጥ ቢበላ ሕፃን ስለሚጎዳ፣ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ለሚከቱ ትንንሾች ያለ ጠባቂ አይሰጥ።