«ኮከቤ ለምን ክብ ሆነ?»፦ የወቅት ጌጥና የብስኩት ጥያቄዎቻችሁ

ወቅት ሲለወጥና በዓል ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይበዛሉ። አንዳንዶቻችሁ የምትጽፉልኝ እጃችሁ ገና ዱቄት እንደነካ፣ የተበላሸውን ብስኩት ፎቶ አንስታችሁ ነው። ይህን ልፋታችሁን ስለምወደው አንዱንም ሳላነብ አላልፍም። የሰሞኑን አንድ ላይ ሳያቸው የአብዛኞቹ ችግር ተመሳሳይ ሆኖ አገኘሁት። ሙያ አላነሳችሁም፤ ሊጡ ሳይቀዘቅዝ ይጋገራል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ይደረብበታል፣ ሰሙ ሳይረጋ ይነካካል። ስለዚህ ዛሬ «ቆዩ» የሚለውን ቃል ባበዛው አትታዘቡኝ።

ጥያቄ፦ በኮከብ ቅርጽ ቆርጬ ያስገባሁት የቅቤ ብስኩት ከኦቨን ሲወጣ ጫፎቹ ጠፍተው ክብ ይሆናል። ዱቄት ብጨምርበት ድንጋይ ሆነብኝ እንጂ አልተሻለውም።

መልስ፦ ዱቄቱን ይተዉት፤ ጣጣው ያለው ቅቤው ላይ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከሰው ገላ ሙቀት በታች ይቀልጣል። ዱቄቱና እንቁላሉ ግን ቅርጽ ይዘው ለመጠንከር ከዚያ በጣም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ። በመካከሉ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ኮከቡን የሚያቆመው የሊጡ ቅዝቃዜ ብቻ ነው። አንድ ቀን ወንበር ስበው በኦቨኑ መስታወት በኩል ይመልከቱት። ለብ ብሎ የገባ ሊጥ መጀመሪያ ዳር ዳሩ በቅቤ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ የኮከቡ ጫፎች ዶልዱመው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይፈሳሉ። ቀዝቅዞ የገባው ግን ገጹ እስኪደርቅ ድረስ ጫፉ እንደሾለ ይቆያል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ቅቤውን ከስኳር ጋር የምመታው ጣት ሲጫነው የሚረግብ፣ ግን ወዝ ያላወጣ ሲሆን ነው፤ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ነጥቶ እስኪኩረፈረፍ ድረስ አልመታውም፤ የገባበት አየር ኦቨን ውስጥ ሲነፋ ቅርጹን ያበላሸዋል። ሊጡን ገና ለስላሳ ሳለ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀቶች መካከል 5 ሚሊሜትር እስኪሆን እዳምጠውና እንደተዘረጋ 1 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ድብልብሉን አቀዝቅዞ በኋላ በመዳመጫ መታገል ትርፉ ድካም ነው። ቆርጬ ትሪ ላይ ከደረደርኩት በኋላ ደግሞ 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ለሚቆረጥ ብስኩት ቤኪንግ ፓውደር አልጨምርም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለተኛውን ዙር ትኩስ ትሪ ላይ አይደርድሩ። የመጀመሪያው ዙር አምሮ ሁለተኛው የሚፈሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በነጭ አይሲንግ (ከደቃቅ ስኳርና ከእንቁላል ነጭ በሚሠራው የብስኩት ቅብ) ላይ በቀይ የሳልኩት አበባ ሲነጋ ሮዝ ሆኖ ተሰራጭቶ አገኘሁት።

መልስ፦ ነጩ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ቀለም ደግሞ ውሃን ተከትሎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ንብርብር ቢያንስ 8 ሰዓት፣ አየሩ እርጥበት ካለው ሙሉ ቀን ይድረቅ። ማራገቢያ ፊት ለፊቱ ቢያስቀምጡ ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ያብረቀርቃልም። ፈሳሽ የምግብ ቀለም ራሱ ውሃ ይዞ ስለሚመጣ ለደማቅ ቀይ ወፍራሙን የጄል ቀለም ይምረጡ። ቀለሙ በቆየ ቁጥር ስለሚደምቅ ጥቂት ሰዓት ቀደም ብለው ቢበጠብጡት ትንሽ ጄል ይበቃዎታል።

የአይሲንጉን ውፍረት ለማወቅ በማንኪያ አንስተው መልሰው ያፍስሱት። የፈሰሰው መስመር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ውስጥ ጠፍቶ ገጹ ከተስተካከለ ለመሙላት ደርሷል። ዳሩን የሚከብቡበት ግን እንደ ጥርስ ሳሙና ወፈር ይበል። ጥሬ የእንቁላል ነጭ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል በተለይ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን የሚበሉት ከሆነ በፓስቸራይዝድ (በሙቀት ጀርሙ በተገደለ) እንቁላል ወይም ከደረቀ የእንቁላል ነጭ በሚዘጋጀው የሜሬንግ ዱቄት ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር በጨው ሊጥ የሠራነው ጌጥ ኦቨን ውስጥ አብጦ ተሰነጠቀ። ካምና የተረፈው ደግሞ ረጥቦ ልፍስፍስ ብሏል። ልጆቹ በጣም አዘኑ።

መልስ፦ ልጆች የለፉበት ነገር ሲበላሽ ማየት ያማል፤ ሁለቱም ግን ይስተካከላሉ። 2 ኩባያ ተራ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ ከ1 ኩባያ ትንሽ ያነሰ ውሃ። ውሃው በትንሽ በትንሹ ይግባ፤ ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ በዝቷል። ልጆቹ 10 ደቂቃ ያህል ይሹት፣ ለእነሱም ደስታው እዚያ ላይ ነው። ኦቨኑን የምንፈልገው ሊያደርቅልን እንጂ ሊጋግርልን አይደለም። ሙቀቱ ከፍ ሲል ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ መውጣቱን ትቶ እንፋሎት ይሆንና ሊጡን ያሳብጠዋል። ስለዚህ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ መሃል ላይ ይገልብጡት። አውጥተው ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ሥሩን በጥፍርዎ ኳ ያድርጉት። እንደ ሸክላ ከጮኸ ደርቋል፤ ድምፁ ከታፈነ ይመልሱት።

ያምናው የረጠበው ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ነው። መድኃኒቱ ቫርኒሽ ነው፤ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ የክር ማስገቢያዋን ቀዳዳ ውስጡን ጭምር ሁለት ጊዜ ይቀቡት። ውሻ ካለዎት ደግሞ ሊጡንም የደረቀውንም ከማይደርስበት ያስቀምጡ። በውስጡ ያለው ጨው ውሻን ለሞት የሚያደርስ ነው።

ጥያቄ፦ አድርቄ የሰቀልኩት የብርቱካን ክብ ሻገተ።

መልስ፦ ሳይደርቅ ነው የተሰቀለው። 5 ሚሊሜትር አድርገው ይቁረጡት፣ ውሃውን በጨርቅ ያስመጡለት፣ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በየሰዓቱ እየገለበጡ ያድርቁት። መሃሉ ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ገና ነው። እንፋሎት ካለበት ቦታም አይስቀሉት።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ተማሪ ነኝ። ከወረቀት የምቆርጠው የበረዶ ቅንጣት ሁልጊዜ 4 ወይም 8 ጫፍ ይኖረዋል። መምህሬ 6 ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ መምህርሽ ልክ ናቸው፤ ጥያቄሽ ደግሞ የትልልቅ ሰዎች ጥያቄ ነው። ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩበትን ሕግ ያገኘው ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ቁጭ ብሎ «ለምን 6?» ብሎ ጽፎበታል። ዛሬ መልሱ ይታወቃል፦ ውሃ በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ በ6 ጎን ቅርጽ ይደረደራሉ፣ ቅንጣቱም ይህንኑ ተከትሎ ያድጋል። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ቅርንጫፍ ያለው ትልቅ ኮከብ ይወጣዋል፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ግን እንደ መርፌ ቀጭን ይሆናል። በአሜሪካ ቨርሞንት የሚኖር ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የአንድ ቅንጣት ፎቶ አነሳ። እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አንስቷል። ፎቶዎቹን ፈልገሽ እያየሽ ቁረጪ፤ ከራስሽ የማይመጣልሽን ቅርጽ ያሳዩሻል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ያንቺ 8 የሚሆነው በየጊዜው እኩል ለሁለት ስለምታጥፊው ነው። አራት ማዕዘኑን ከማዕዘን ማዕዘን አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው። የረጅሙን ጎን መሃል በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ከዚያች ነጥብ ተነስተሽ የቀኙን ጎን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ እጠፊ፤ ሦስቱ ክፍሎች እኩል ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸው 60 ዲግሪ። ከዚያ አንዴ ለሁለት አጥፈሽ ከላይ የተረፉትን ጆሮዎች ቁረጫቸው። እጅሽ ላይ 12 ድርብ አለ፣ ስለዚህ ስስ ወረቀት ይሁን። በታጠፈው ጎን በኩል የተወሰነውን ሳትነኪ ተይው፤ ከዳር እስከ ዳር ከቆረጥሽው ስትገልጪው ይበታተናል።

ጥያቄ፦ በብርጭቆ የማፈሰው ሻማ መሃሉ ይሰረጉዳል። ሲነድ ደግሞ ክሩ ዙሪያ ብቻ ጉድጓድ ሠርቶ ዳሩ ሳይቀልጥ ይቀራል።

መልስ፦ ሰም ሲረጋ ይኮማተራል፤ መጨረሻ የሚረጋው መሃሉ ስለሆነ እዚያ ይሰረጉዳል። ካቀለጡት ጥቂት አስተርፈው፣ የመጀመሪያው ከረጋ በኋላ ጉድጓዱን ይሙሉበት። ሁለተኛው ችግር ክሩ ለብርጭቆው ስፋት ቀጭን መሆኑ ነው፤ ወፈር ያለ ይሞክሩ። ሻማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩትም ላዩ እስከ ዳር ሳይቀልጥ አያጥፉት። ለ7.5 ሴንቲሜትር ስፋት 3 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

እባክዎ ይህን በደንብ ይያዙልኝ፦ ሰምን በቀጥታ እሳት ላይ አያቅልጡ፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይሁን። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ከበቂ በላይ ነው። እሳት ከያዘ ክዳን ገጥመው ምድጃውን ያጥፉ እንጂ ውሃ አይድፉበት፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም ይረጨዋል። የበራ ሻማም ከደረቀ ቅጠልና ከወረቀት ጌጥ ይራቅ፣ ሰው በሌለበት አይተው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ተሠርቶ የሚሸጥ እያለ ምን ያደክምሻል?» ይለኛል። ጊዜዬን እያባከንኩ ይሆን?

መልስ፦ አያባክኑም፣ እህቴ። ቤቴ ውስጥ ልጄ በ3 ዓመቷ የሠራችው የጨው ሊጥ ኮከብ አለ፤ አንዱ ክንዱ ወፍራም ነው፣ መሃሉ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ ተቀርጿል። በየዓመቱ ስንሰቅለው ጣቷን ታስገባበትና ትለካለች፤ አሁን ጫፉ እንኳ አይገባም። ያን ከየትም ልገዛው አልችልም። ከባለቤትዎ ጋር አይከራከሩ፤ የጉንጉኑን ሽቦ ይያዝልዎት፣ ወይም ብርቱካኑን ይገልብጥልዎት። ማስረዳት ያቃተኝን ሰው እኔ ያሸነፍኩት እንዲህ አብሮኝ እንዲሠራ በማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ጌጦቼን እስከሚቀጥለው ዓመት እንዴት ላቆያቸው?

መልስ፦ የመብራቱን ገመድ ካርቶን ላይ ይጠቅልሉት፣ አይቋጠርም። የወረቀቱን ጠፍጣፋ አድርገው መጽሐፍ መካከል ያስገቡ። የጨው ሊጡንና ብርቱካኑን በስስ ወረቀት ጠቅልለው ጫማና ቦርሳ ውስጥ ከምናገኛት እርጥበት የምትስብ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ያኑሩ፤ ጣሪያ ሥር ወይም የሚረጥብ ክፍል ውስጥ ግን አይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሣጥኑን ከመዝጋትዎ በፊት የዘንድሮውን በወረቀት ጽፈው ከላይ ያድርጉት። የእኔ ላይ ያለው፦ «ኦቨኑ 170 ሲል 185 ነው። ቀዩን ጄል ግማሽ። ስስ ወረቀት አልቋል፣ ይገዛ።»